ከጨርቅ ሱቁ ሥር የተገኘው ሙቀት

ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ
ጥቅምት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሙንተሃ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ በሰው አገር ጥላና ከለላ ይሁንሽ። እኔም እናትሽም አልሐምዱሊላህ ቆመን እንሄዳለን።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ምንያህል የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከእኛ ሱቅ ለልጆቹ ጨርቅ ሲገዛ ተዋወቅን፤ በሞያሌ ወጥቶ ናኩሩ ድረስ ስለሚሄድ ናይቫሻ መንገዴ ላይ ናት አለኝ። ስልክ እያለ ለምን ወረቀት ትዪኝ ይሆናል። ጆሮዬ ካለፈው ዓመት ወዲህ ጨርሶ ከድቶኛል። የሞባይል ፊደል ደግሞ ለዓይኔም ለወሬዬም አትበቃም። እናትሽን እንደሆነ ታውቂያታለሽ። ኬንያ ስትሄጂ «ሴት ልጅ ከምድር ሆድ ምን ልትፈልግ?» ብላ ሳትሸኝሽ እንደቀረች፣ ዛሬም እዚያው ናት። ያንቺ ቁጥር ሲጠራ ስልኩን ትታ ጓሮ ትወጣለች።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። አባታችን የሠራው የጭቃ ሱቅ ሊፈርስ ነው። በመንገዳችን ዳር ያለን ሁሉ ፎቅ ሥሩ ተብለናል። ጎረቤቴ ማርቆስ ቀድሞ ሠርቷል፤ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ያምራል፣ አልዋሽም። መጋቢት ላይ ሻይ ጋብዞኝ ሦስተኛ ፎቅ ብንቀመጥ ግን ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። መብራት ሲጠፋ ተከራዮቹ ሁሉ ወደ ደረጃው ወጡ። ምድር ቤት ያለችው ጨርቅ ሻጭ በመስታወቱ በኩል የሰቀለችው ሰማያዊ ጨርቅ ነጥቶ አመድ መስሏል። እኔ ዕድሜዬን በጨርቅ የኖርኩ ሰው፣ የገዛ ዕቃዬን የሚበላ ቤት አልሠራም ብዬ ተመለስኩ።

ሩታ የምትባል ወጣት አርክቴክት አገኘሁ። የጭቃውን ሱቅ ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና ጆሮዬ ሥር ጮኻ፣ «ይህንን ቅዝቃዜ አፍርሰው ምን ሊሠሩ ነው?» አለችኝ። ይህንኑ ቅዝቃዜ በአራት ፎቅ ሥሪልኝ አልኳት። ትችላለች። ለመሠረቱ የምንቆፍረው አፈር ራሱ በማሽን ተጠቅጥቆ፣ ትንሽ ሲሚንቶ ገብቶበት ብሎኬት ይሆናል አለች። ፀሐይ የሚከልለው ቀርከሃ ከደጋው ከሁላ ይመጣል።

ውኃም እናስቆፍራለን። በእኛ በኩል ጉድጓድ ያስቆፈሩ ሰዎች አንዳንዴ ለብ ያለ ውኃ ይወጣላቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ። አንቺ የምድር ሙቀት ከሚያወጡት ጋር ነሽና ልጠይቅሽ፤ ይህ ከምን የመጣ ነው? ለሰው ይጠቅማል?

አላህ ከክፉ ይሰውርሽ።
አጎትሽ ባህሩ


ናይቫሻ
ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ወአለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎንና ዕድሜዎን አላህ ያብዛልኝ። ደብዳቤዎን ሳየው የሱቁ ጨርቅ ሽታ መጣብኝ፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ለጥያቄዎ መልሱ ቀላል ነው፤ ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሐዋሳና ናይቫሻ የአንድ ሸለቆ ልጆች ናቸው። ስምጥ ሸለቆው በሚያልፍበት ሁሉ የመሬት ቆዳ ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው የጋለ ድንጋይ ከሌላ አገር ይልቅ ወደ እኛ ቀርቧል። የዝናብ ውኃ ወርዶ ይነካዋል፣ ሞቆ ይመለሳል። እዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ ከኮረብታው ሁሉ ነጭ እንፋሎት ይነሣል። የሜዳ አህያ በእንፋሎቱ መካከል ቆሞ ሲግጥ ያያሉ። እኛ ያንን እንፋሎት ይዘን መብራት እናደርገዋለን። ሙቀቱን አበባ የሚያሞቁበትም አሉ፤ ሌሊት ብርድ እንዳይነካው በቧንቧ ሥሩ ያዞሩለታል። የመጀመሪያ ቀን ጽጌረዳው መካከል ቆሜ፣ ይህ ሁሉ ቀይ በእሳተ ገሞራ ነው የሚሞቀው ብዬ ማመን አቃተኝ።

ከእርስዎ ጉድጓድ ሞቃት ውኃ ከወጣ ለገላ መታጠቢያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ አልጋ የሚያከራዩ ከሆነም በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ወለል ለማሞቅ ይሆናል። ምንም እንጨት፣ ምንም ነዳጅ አይፈልግም።

እናቴ ስለ ሕንፃው ምን ትላለች? ስለ እኔስ ትጠይቃለች?

የእህትዎ ልጅ ሙንተሃ


ሐዋሳ
መጋቢት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙንተሃ፤

የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ፤ እንጀራሽን ይባርክልሽ። ዛሬ የምነግርሽ ብዙ አለኝ።

መጀመሪያ ስለ ግድግዳው። አፈሩ በማሽን ሲጠቀጠቅ እንደ ሳሙና ልሙጥ ሆኖ ይወጣል። በእሳት አይተኮስም፤ በጥላ ሥር ውኃ እየጠጣ ይጠነክራል። ምድር ቤቱ ተገንብቶ ሲያልቅ እኩለ ቀን ላይ ገባሁበት። ውጭ አስፋልቱ ይነዳል፤ ውስጥ የጥንቱ ሱቅ ቅዝቃዜ ነው። የአባታችንን ጋቢ የለበስኩ መሰለኝና ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ቆፋሪዎቹ መጡ። እኔ የማሽኑን ድምፅ አልሰማም፤ በጫማዬ ሥር ግን ይሰማኛል። አራተኛው ቀን ላይ ንዝረቱ ተለወጠ። ቀና ስል ሠራተኞቹ ወደ ኋላ ይሮጣሉ፤ ከቧንቧው ጭቃ ተተፋ፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ከውኃው ላይ ጭስ። ጭስ አልኩ እንጂ እንፋሎት ነው። በባልዲ ቀዱልኝና ጣቴን ብነክር አላስቻለኝም። ሱብሃነላህ! አባቴ በላዩ ሃምሳ ዓመት ጨርቅ ለክቷል። እኔ ልጅ ሆኜ በላዩ ተኝቻለሁ። ከሥራችን ይህ ሁሉ ሲፈላ ማንም አልነገረንም። ሰው ተሰበሰበ። አንዳንዱ ያማትባል፣ አንዳንዱ ዱዓ ያደርጋል፤ ማርቆስ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

እኔም ይህን የሰጠ ጌታ እንዳይታዘበኝ ብዬ በመንገዱ ዳር ቧንቧ አወጣሁ። ለአባቴና ለእናቴ ሰደቃ ይሁን ብያለሁ። ሰዎች አቀዝቅዘው ይጠጡታል፣ ያበስሉበታል። ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሳይቀር ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ፤ ለወገብ መድኃኒት ነው የሚሉም አሉ።

እናትሽ ደህና ናት።

አጎትሽ ባህሩ


ናይቫሻ
ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምና ረድኤት ይብዛልዎ። ምንያህል ሞያሌ ላይ ተይዞ ስለሰነበተ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ገና ትናንት ነው። አንብቤ ሳልጨርስ በላኩልኝ ቁጥሯ ለሩታ ደወልኩ። አሁን ነግራዎት ይሆናል፤ ግን ምክንያቱን ራሴ ልጻፍልዎ።

ውኃው አይጠጣም፣ ወጥም አይሠራበትም። በእኛ ሸለቆ ሞቆ የሚወጣ ውኃ ከድንጋዩ ፍሎራይድ የሚባል ነገር አሟሙቶ ይመጣል። ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው። ለዓመታት ከጠጡት አጥንት ያጎብጣል፤ በልጅ ላይ ደግሞ ይከፋል። ማፍላት አያጠፋውም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል። ናሙናውን በላቦራቶሪ ያስመርምሩ፤ እስከዚያ ግን ቧንቧውን ይዝጉት።

የተሰጠን ሙቀቱ ነው እንጂ ውኃው አይደለም፣ አጎቴ። እዚህ የምናደርገው እንዲህ ነው። ሞቃቱ ውኃ በቀጭን ብረት በአንዱ ወገን ያልፋል፣ የከተማው ንጹሕ ውኃ በሌላው ወገን። ሁለቱ አይነካኩም፤ ሙቀቱ ብቻ ይሻገራል። ሥራውን የጨረሰው ውኃ በሁለተኛ ጉድጓድ ወደ መጣበት ይመለሳል። ወደ ሐይቁ እንዳይለቀቅ አደራ።

በሰው ፊት የሰጡትን ሰደቃ መልሰው መዝጋት እንዴት እንደሚከብድዎ አውቃለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

እናቴ ደህና ናት ብቻ አይበሉኝ። ምን ትላለች?

ሙንተሃ


ሐዋሳ
ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙንተሃ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ዕውቀትሽን አላህ ይጨምርልሽ።

ሩታ ወረቀት ላይ ጽፋ ባሳየችኝ ቀን ቧንቧውን ዘጋሁት። ሰደቃ የሰጠሁ መስሎኝ ለሰው ልጅ ምን እንደሰጠሁ ሳስብ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት በቧንቧው ፊት ቆሜ ለመጣው ሁሉ ተናገርኩ። የደንቆሮ ሰው ድምፅ ልክ የለውም፤ መንገዱ ሁሉ ሰምቷል አሉኝ። አባይነሽ የምትባል ጎመን ሻጭ አለች፣ ከዝዋይ በኩል የመጣች። ተቆጣች። ሀብታም ሲሰጥም ሲነሣም እንደ ልቡ ነው ስትል ከከንፈሯ አነበብኩ። ጥርስን የሚያበልዝ ውኃ ነው አልኳት። ይህን ጊዜ ቀስ ብላ አፏን ከፍታ ጥርሷን አሳየችኝ፤ ቡናማ ነው።

«ይህ ነው?» አለችኝ።

«ይኸው ነው፣ ልጄ» አልኳት።

ጀሪካኗን ደፍታ እዚያው ተቀመጠችበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሳምንት ያህል ጎመኗን እዚያ እየሸጠች፣ ውኃ ፈልጎ የሚመጣውን ሁሉ እየመለሰች ሰነበተች። ከእኔ ይልቅ እሷን አመኑ። የላቦራቶሪው ውጤትም ያልሽው ሆነ።

ሁለተኛው ጉድጓድ ተቆፍሯል። ሙቀት የሚያሻግረውን መሣሪያ ሩታ ከአዲስ አበባ አዛለች። የሦስተኛው ፎቅ ግድግዳ እየወጣ ነው፤ ሩታ በሕንፃው መካከል ከታች እስከ ጣሪያ ክፍት ያደረገችው ቦታ አለ። ሞቃቱ አየር በዚያ ወጥቶ ሲሄድ ከታች ቀዝቃዛው ይገባል። ሥሩ ቆሜ አናቴ ላይ ያለው ፀጉር ሲነቃነቅ ይሰማኛል፣ ቬንቲሌተር የለ፣ ምን የለ።

እናትሽ ደብዳቤሽን ሳነብ በሩ ላይ ትቆማለች። ገብታ አትቀመጥም፣ አትሄድምም። ሌላ የምነግርሽ የለኝም።

አጎትሽ ባህሩ


ናይቫሻ
መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎና ለቤቱ ሁሉ። በመዘግየቴ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ጣቴን ትንሽ ስለተመታሁ ምንያህል ነው የሚጽፍልኝ፤ አያስቡ። ወለሉ ውስጥ የሚገባው ቧንቧ ከመሸፈኑ በፊት ውኃ አስሞልተው ለቀናት ያቆዩት፣ እንዳያፈስ።

እናቴን ሰላም ይበሉልኝ።

ሙንተሃ


ሐዋሳ
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙንተሃ፤

አላህ ሺፋውን፣ ፈውሱን ያውርድልሽ።

ምንያህልን ምን ሆና ነው ብዬ ያዝኩት። ቃል ገብቼላታለሁ ብሎ እምቢ አለ። አጥብቄ ስይዘው ሊነግረኝ ተነሣ፤ ለእኔ ግን ሹክ ማለት አይቻልም። ጆሮዬ ሥር እየጮኸ እንፋሎት ክንድሽን እንዳቃጠለሽ፣ ሆስፒታል ተኝተሽ እንደሰነበትሽ ነገረኝ። ዞር ስል እናትሽ ከበሩ ላይ ቁጭ ብላለች። ሁሉን ሰምታለች።

ማታ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ከከንፈሯ በግልጽ እንዳነብላት ቃሉን ለያይታ ነው የተናገረችው። «የልጄን ክንድ የበላውን ነገር ወደ ቤታችን አታምጣው። ድፈነው» አለችኝ።

በማግስቱ ጉድጓዱን በብረት አስዘግቼ ቆለፍኩት። ሩታ ለመነችኝ፤ እምቢ አልኳት። ያ ውኃ ሲወጣ ያየሁት ደስታ አሁን ያሳፍረኛል። አልጋ ክፍሎቹ ያለ ሙቀት ይቅሩ፤ ብርድ ሰው አይገድልም። አንቺም ነይ፣ ልጄ። ሱቅ አለ፣ ቤት አለ።

ባህሩ


ናይቫሻ
ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ጽሕፈቱ የተጣመመው በገዛ እጄ ስለጻፍኩት ነው። ከዚህ በታች ያለውን ለእናቴ ያንብቡላት። በር ላይ ብትቆምም ያንብቡላት።

እማ፣ ክንዴን ያቃጠለው ምድር አይደለም። መከፈት የሌለበት መዝጊያ ከጊዜው በፊት ተከፈተ፣ እኔ ፊቱ ነበርኩ። ከእጄ አንጓ እስከ ክርኔ ቆዳዬ ተላጠ። አሁን ድኗል፤ ጠባሳው ይኖራል። የደበቅሁሽ «ብዬሽ ነበር» ትዪኛለሽ ብዬ ነው።

ስሄድ ከምድር ሆድ ምን ትፈልጊያለሽ ብለሽ ነበር። ያን ጊዜ መልሱን አላውቀውም። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ወር አንድ ጉድጓድ ሲከፈት ቆሜ አየሁ። እንፋሎቱ ከሁለት ሺህ ሜትር በታች ነው የመጣው። ሲወጣ መሬቱ የተንቀጠቀጠው ከእግሬ ሥር ሳይሆን ደረቴ ውስጥ ነበር።  ያ ሙቀት እኛ ሳንፈጠር፣ የሐዋሳ ሐይቅም ሳይኖር እዚያ ነበር። ማንም አላቀጣጠለውም፣ ማንም አያጠፋውም። ለእሱ አንድ ዛፍ አልተቆረጠም። ትንሽነቴን እንደዚያ ቀን አውቄው አላውቅም፤ ትንሽነቴም አልከፋኝም። ሰላት ላይ ግንባሬ መሬት ሲነካ የሚሰማኝ ነገር ነው የተሰማኝ። ወደ ሥራ የተመለስኩት ለዚያ ነው። ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ ተመልሻለሁ። ብትቆጪም እውነቱን እወቂው።

በአጎቴ ጉድጓድ ያለው ውኃ እኔ ከምሠራበት ጋር አይገናኝም። ሻይ ከምታፈዪበት ውኃ ያነሰ ሙቀት ነው ያለው። ሌላ ምንም ማድረግ ካልፈለግሽ፣ አንድ ቀን ብቻ እሱ በሚያሞቀው ወለል ላይ በባዶ እግርሽ ቁሚ።

ልጅሽ ሙንተሃ


ሐዋሳ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙንተሃ፤

የአላህ ሰላምና ምሕረት ባንቺ ላይ ይሁን፤ ክንድሽን የፈወሰ ጌታ ይመስገን።

ዓመት ሙሉ ከደህንነታችን በቀር ያልጻፍኩልሽ መልሱን በቤቱ ልሰጥሽ ብዬ ነው። ደብዳቤሽን ለእናትሽ አነበብኩላት። በሩ ላይ ቆማ ጨረሰችው፤ ከዚያ ጓሮ ወጣች።  እኔም ሳልጠይቃት የጉድጓዱን ቁልፍ ለሩታ ሰጠኋት።

ሕንፃው አልቋል። ከውጭ ሲያዩት የሚያብረቀርቅ ነገር የለውም፤ መልኩ የሐዋሳ አፈር ነው፣ የተሠራው ከራሱ ከአፈሩ ስለሆነ። በምዕራብ በኩል ቀርከሃው ፀሐይን እንደ ወንፊት እያጣራ ያስገባል። ከሰዓት በኋላ የቀርከሃው ጥላ በጨርቆቼ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ አንዱም አልነጣም። መብራት ሲጠፋ ተከራዮቼ የሚያውቁት ስልካቸውን ቻርጅ ሲያደርጉ ነው። ማርቆስ መጥቶ መካከለኛው ክፍት ቦታ ሥር ቆመ፣ ቀና ብሎ ብዙ ቆየ፤ ሲወጣ የሩታን ቁጥር ጠየቀኝ። ከኋላ ያለውን የመታጠቢያ ቤት አባይነሽ ተከራይታዋለች። የገበያ ሴቶች ማለዳ መጥተው በሞቀ ውኃ ይታጠባሉ፤ ንጹሑ ውኃ ነው፣ ሙቀቱ ብቻ የታችኛው። እኔም ማለዳ ለሱብሂ ሰላት ውዱእ ሳደርግ ውኃው እጄ ላይ ሲሞቅ፣ ከየት እንደመጣ አስቤ «ቢስሚላህ» ካልኩ በኋላ ቀሪውን የምረሳበት ቀን አለ።

እናትሽ ግን መንገዱ ማዶ ሆና ታየዋለች እንጂ አትገባም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ብርዱ ጠና፤ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ አጥንት ይገባል። ማክሰኞ ጠዋት ላይኛው ፎቅ ወጥቼ እንግዳ የለቀቀውን ክፍል ሳይ፣ እናትሽ በር ላይ ቆማለች። ብቻዋን ነው ደረጃውን የወጣችው። ጫማዋን አወለቀች። አንድ እግሯን አስቀድማ፣ እንደሚፈራ ሰው፣ ወለሉ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ሁለተኛውን። ቆመች። ስትንቀሳቀስ አላየሁም። ቆየት ብላ ተቀመጠች፣ ሁለት መዳፏን ግራና ቀኝ ዘርግታ ወለሉ ላይ አደረገች። ፊቷን ማየት አልቻልኩም፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። አዛውንቶች ነን፣ ወለል ላይ እንደ ልጆች ተቀመጥን።

ወደ እኔ ዞረች። «ይህን ነው ልጄ የምትሠራው?»

ይህንን ነው አልኳት።

«እኔ እሳት መስሎኝ ነበር» አለች።

ለቀትሩ የዙሁር ሰላት እዚያው ሰገደች። ግንባሯን ከወለሉ ላይ ቶሎ አላነሣችም፤ እኔ ጨርሼ ጠበቅኋት።

ከዚያ ሌላ ነገር ተገለጠልኝ። ከሐምሌ ጀምሮ ፓስፖርት አውጥታ ከልብሶቿ ሥር አስቀምጣው ነበር፤ ለእኔ ሳትነግረኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ለመሄድ ያጣችው ፓስፖርት ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር ማለት ነው፤ እሱን ማክሰኞ ያገኘችው ይመስለኛል።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የሚያቀብልሽ ምንያህል አይደለም። ነገ ከእሱ ጎን ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ትወጣለች። ሞያሌ ድረስ ጀርባዋን እንዳያማት ትራስ አስይዣታለሁ። ስትደርስ አስቀድማ ምን እንደምትልሽ አላውቅም፤ ራሷም አታውቅም።

ብዙ የምጽፈው ነበረኝ። ግን እዚህ ድረስ ካነበብሽ እናትሽን አቁመሻታል። ወረቀቱን እጠፊውና ክንድሽን አሳያት።

አጎትሽ ባህሩ